መዝገቡን ለሚይዘው ማሽን፦ ለእህቴ ልጅ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበራችሁ የአባላቱን መዝገብ የሚይዝ ኮምፒውተር እንድትመርጪ ለአንቺ አደራ መስጠቱን ስሰማ ደስ አለኝ። የላክሽልኝን ሁለት ፕሮፎርማ አይቻቸዋለሁ። አንደኛው ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ተራ ራም ያለው አዲስ ዴስክቶፕ ነው። ሁለተኛው ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 የተባለ የሰርቨር ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ያገለገለ ወርክስቴሽን ነው። «ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ የትኛው ይበልጣል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ብዙ ነገር ስለሚነካ በተራ ቁጥር ላስቀምጥልሽ። ቸኩለሽ አታንብቢው፤ የሰው ጥሪት የሚያርፍበት ማሽን ነውና።

1. ፕሮፎርማውን አጥፈሽ አስቀምጪና መጀመሪያ ሥራውን በወረቀት ጻፊ። ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይሠራበታል? ምን ፕሮግራም ይጫንበታል? ማታ ይጠፋል ወይስ ሌት ተቀን ይበራል? አንድ ሰዓት ቢቆም ምን ይደርሳል? አንድ ቁጥር ማንም ሳያይ ቢለወጥስ ማን ይጎዳል? ከአምስቱ ለእኔ ትልቁ የመጨረሻው ነው። ማሽኑ ቢቆም ሁሉም ያውቃል፤ ባለሙያ ይጠራል፣ ይጠገናል። ሳይታወቅ የተለወጠ ቁጥር ግን ወር አልፎ፣ ሒሳብ ተዘግቶ፣ አንዲት እናት ደብተሯን ይዛ መጥታ «የእኔ ገንዘብ ይህ አይደለም» ስትል ነው የሚገኘው። ያን ጊዜ እሷ ልክ መሆኗን የሚያሳይ ምንም ላይኖር ይችላል።

2. «የሰርቨር ፕሮሰሰር» የሚለው ስም ስለ ፍጥነት ምንም አያረጋግጥልሽም። እ.ኤ.አ. በ2011 ኢንቴል ዚዮን ኢ3-1230ንና ኮር አይ7-2600ን ለገበያ አቀረበ። ሁለቱም ሳንዲ ብሪጅ ከተባለው ንድፍ የተሠሩ ነበሩ፤ ሁለቱም 4 ኮርና 8 ሜጋባይት ካሽ ነበራቸው፤ የሚቀመጡበት ሶኬትም አንድ ነበር። ዚዮኑ በ3.2፣ አይ7ቱ በ3.4 ጊጋኸርዝ ይነሳሉ። ዚዮኑ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ዋጋው 215 ዶላር ገደማ ሲሆን የአይ7ቱ 294 ዶላር ነበር። ማለትም የሰርቨሩ ዕቃ ረክሶ፣ በፍጥነት ደግሞ በጥቂት አንሶ ተገኘ። ይህን ያስተዋሉ ሰዎች ዚዮኑን ተራ ማዘርቦርድ ላይ እየሰኩ ለዓመታት ተጠቀሙበት። በ2015 ኢንቴል በሩን ዘጋው፤ ኢ3 ቪ5 የተባለው ትውልድ ሲ232 ወይም ሲ236 ቺፕሴት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ካልሆነ አልሠራም አለ።

በኤኤምዲም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ። በ2024 የወጣው ኢፒክ 4564ፒ የሰርቨር ስም ይዟል፤ 16 ኮር፣ መነሻው 4.5፣ ጫፉ 5.7 ጊጋኸርዝ፣ የኃይል መጠኑ 170 ዋት። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ለዴስክቶፕ የወጣው ራይዘን 9 7950ኤክስ በእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ እኩያው ነው፤ ሶኬታቸውም ኤኤም5 ነው። ታዲያ ገዢው በሰርቨር ስም የሚያገኘው ምንድን ነው? አምራቹ «ስህተት ከሚያርም ራም ጋር ፈትኜዋለሁ፣ በሰርቨር ማዘርቦርድ ላይ ሌት ተቀን እንዲሠራ እደግፈዋለሁ» ብሎ የሚሰጠውን ቃል ነው። ይህ ቃል ትንሽ ነገር አይደለም። ጉልበት ግን አይደለም።

3. ኮር ስትቆጥሪ የሥራውን ጠባይ አትርሺ። ኮር እንደ ደቦ ነው። አጨዳው ሃያ ሰው ቢወጣበት ይፈጥናል፤ እህሉ የሚገባበት የጎተራ በር ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ የቀሩት ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 ያስቀመጠው ሕግ ይህንኑ በስሌት ይነግረናል። ከአንድ ሥራ 90 በመቶው ለብዙ ኮር የሚከፋፈል፣ 10 በመቶው ግን የማይከፋፈል ቢሆን፣ 16 ኮር ሥራውን የሚያፈጥነው 6.4 ጊዜ ብቻ ነው። 64 ኮር ብታቀርቢለት ወደ 8.8 ከፍ ይላል። የቱንም ያህል ኮር ብትጨምሪ ከ10 አያልፍም።

አሁን ወደ ሁለቱ ፕሮፎርማዎች እንመለስ። ኢ5-2680 ቪ4 በ2016 የወጣ ነው፤ 14 ኮር አለው፣ መነሻው 2.4፣ ጫፉ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። አይ5-12400 በ2022 ወጣ፤ 6 ኮር ብቻ ነው ያለው፣ ግን እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይወጣል፤ ንድፉም አዲስ በመሆኑ በእያንዳንዱ ምት የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። ሁሉንም ኮር የሚያስጨንቅ ሥራ ብትሰጫቸው ተቀራርበው ይጨርሳሉ። ሥራው በአንድ ኮር ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ግን አይ5ቱ ዚዮኑን ርቆ ይቀድመዋል። ካሸራችሁ የአንድን አባል ስም ጽፋ ሒሳቡ እስኪመጣ ስትጠብቅ፣ ያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በአንድ ኮር ነው። ስለዚህ «14 ይበልጣል ከ6» የሚለው የሻጩ ቃል ለእናንተ ቢሮ አይሠራም።

4. ትልቁ ጉዳይ ራሙ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። ኢሲሲ የሚባለው ስህተት አራሚ ራም ለየ64 ቢት መረጃ 8 የመቆጣጠሪያ ቢት ጨምሮ ይይዛል። መረጃው ተመልሶ ሲነበብ ስሌቱ ይደገማል፤ አንድ ቢት ተለውጦ ከተገኘ ወዲያው ይታረማል፣ ሁለት ቢት ተለውጦ ከተገኘ ደግሞ ስህተቱ ይታወቃል፤ ማሽኑም የተበላሸውን ቁጥር እውነት አስመስሎ ከመጻፍ ይልቅ ይቆማል። የሐሳቡ መሠረት በ1950 ሪቻርድ ሃሚንግ በአሜሪካ ቤል ላብስ ሳለ ያሳተመው ሥራ ነው። 

«እውነት ቢት ይለወጣል?» ትይኛለሽ። የጉግልና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጉግል ሰርቨሮች ላይ አጥንተው በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከራም ሰሌዳዎቹ 8 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ የሚታረም ስህተት አሳይተዋል። በማሽን ሲቆጠር ደግሞ ሲሶ ያህሉ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን ከጠፈር በሚመጣ ጨረር ላይ ብቻ ያላክካል፤ ጥናቱ ግን የራሙ የራሱ ብልሽት ከጨረሩ ይልቅ እንደሚያመዝን አሳይቷል።

አንድ የታወቀ ታሪክ ልንገርሽ። በግንቦት 2003 እ.ኤ.አ. በቤልጅየም ምርጫ ሲካሄድ፣ በብራሰልስ ስካርቤክ በተባለው ወረዳ አንዲት ዕጩ በኤሌክትሮኒክ ቆጠራው 4,096 ትርፍ ድምፅ ተመዘገበላት። ስህተቱ የተያዘው ቁጥሩ ልታገኝ ከምትችለው በላይ ስለነበር ነው። 4,096 ማለት ሁለትን አሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ስታባዢ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ አንዲት ቢት ከዜሮ ወደ አንድ ስትዞር የምታመጣው ልዩነት። ባለሙያዎች ሶፍትዌሩን ፈትሸው ጥፋት ስላላገኙበት፣ ቢቷ በራሷ ተለውጣለች ወደሚለው ማብራሪያ አዘነበሉ።

ይህን ወደ እናንተ መዝገብ አምጪው። የአንድ አባል ቁጠባ 5,000 ብር ነው እንበል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጥሩ በዜሮና በአንድ ተጽፎ ይቀመጣል፤ 8,192ን የምትወክለው ቢት ዜሮ ናት። እሷ ብቻ ብትዞር 5,000 የነበረው 13,192 ይሆናል። ፕሮግራሙ የሚያየው ትክክለኛ ቁጥር ነው፤ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። ደጋግሞ የሚያመሳክር የሒሳብ አያያዝ ካላችሁ ልዩነቱ ምናልባት በወር መጨረሻ ይታያል። ከዚያ በፊት ግን ማታ ማታ የሚወሰደው ባክአፕ ስህተቱን አብሮ ቀድቶ ያስቀምጠዋል። ባክአፕ ከጠፋ ፋይል ያድንሻል፤ ጸጥ ብሎ ከተበላሸ ቁጥር አያድንሽም። ለዚህ ነው ኢሲሲን ለመዝገብ ማሽን ቅንጦት ነው የሚለኝን ሰው የማልቀበለው። ሊኑክስን የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስም በ2021 መጀመሪያ ላይ፣ ኢሲሲን ከተራው ሰው ኮምፒውተር አርቆ የሰርቨር ብቻ ያደረገውን የኢንቴልን አካሄድ በግልጽ ወቅሷል። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

ሌላም ጥቅም አለው። ኢሲሲ ያረመውን ስህተት ይመዘግባል። አንድ የራም ሰሌዳ ደጋግሞ ሲታረም ካየሽ፣ ሳይሞት በፊት ትቀይሪዋለሽ።

5. ሻጩ «ዲዲአር5 ሁሉ ኢሲሲ አለው» ቢልሽ አትቀበዪው። በዲዲአር5 ቺፕ ውስጥ ያለው ማረሚያ ቺፑ ራሱ ውስጥ የሚፈጠረውን ጉድለት ነው የሚያክመው፤ መረጃው ከራም ወደ ፕሮሰሰር ሲጓዝ አይጠብቀውም፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ምንም አያሳውቅም።

እውነተኛው ኢሲሲ እንዲሠራ ፕሮሰሰሩ፣ ማዘርቦርዱና ራሙ ሦስቱም መስማማት አለባቸው። አንዱ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይነሳል፣ ይሠራልም፤ ማረሙ ግን አይኖርም፤ አንቺም አታውቂም። ኢፒክ 4004 የተባለው ቤተሰብና ዚዮን ኢ በዚህ በኩል አያስቸግሩም። ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ ወዲህ አንዳንድ የኮር ፕሮሰሰሮችም ደብሊው680 ቺፕሴት ባለው ማዘርቦርድ ላይ ይቀበሉታል። የራይዘን ፕሮሰሰሮች ብዙዎቹ ይችላሉ፤ ግን የማዘርቦርዱ አምራች በጽሑፍ ያረጋገጠውን ብቻ እመኚ።

ራም ስትገዢም ዓይነቱን ለዪ። የትላልቅ ሰርቨሮች ሬጂስተርድ ራም ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ አይሠራም። በዲዲአር4 ሰሌዳው ገብቶ ሊቀመጥልሽ ይችላል፤ ማሽኑ ግን አይነሳም። ርካሽ ሆኖ የሚሸጠው ያገለገለ የሰርቨር ራም አብዛኛው ይህ ዓይነት ነው።

6. የራም መጠንና የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብዛት እናንተን አያሳስባችሁም። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ለራም ሁለት ቻናል ነው ያለው፤ በ2022 የወጣው ኢፒክ 9004 ግን 12 ቻናልና 128 መስመር አለው። ይህ የሚያስፈልገው በአንድ ማሽን ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሳ ወይም በርካታ ግራፊክስ ካርድ ለሚደረድር ነው።

7. የፕሮሰሰሩን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር አታምታቺ፤ የማሽኑንም ዋጋ ከዓመታት ወጪው ጋር። ዚዮኑ 120 ዋት ተብሎ የተመደበ ነው፤ አይ5ቱ በመነሻው 65 ዋት። በሥራ ላይ የሁለቱ ማሽኖች ልዩነት በአማካይ 60 ዋት ቢሆን እንኳ፣ ሌት ተቀን ለሚበራ ማሽን በዓመት ወደ 525 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ያ ትርፍ ዋት ዩፒኤሱ ላይም ያርፋል፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

የሶፍትዌር ፈቃዱንም አስቢ። ዊንዶውስ ሰርቨር ከ2016ቱ እትም ጀምሮ በኮር ነው የሚሸጠው፤ ለአንድ ሰርቨር ትንሹ ክፍያ የ16 ኮር ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ሁለቱ ማሽኖች እኩል ናቸው። ኤስኪውኤል ሰርቨርን በኮር ብትገዙ ግን ባለ14 ኮሩ ላይ ለ14፣ ባለ6ቱ ላይ ለ6 ትከፍላላችሁ። የፈቃዱ ልዩነት ከማሽኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ከሆነ ይህ ጭንቀት የለም። ፕሮግራሙን የሠራላችሁን ድርጅት አሁኑኑ ጠይቂ።

8. ያገለገለ ስትገዢ ዓይንሽን ክፈቺ። ከዳታ ሴንተር የወጡ ዚዮኖች የሚረክሱት ስለተበላሹ አይደለም፤ ትላልቅ ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ በብዛት ስለሚቀይሯቸው ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ ብዙ አያስፈራኝም፤ ቶሎ አያረጅም። የምፈራው ማዘርቦርዱን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ፋኑን ነው። በታላላቅ አምራቾች ወርክስቴሽን ላይ ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ነው፤ ሲቃጠል ከየትኛውም ሱቅ ሌላ ገዝተሽ አትተኪውም። ስለዚህ መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይ አብሮ እንዲሸጥልሽ ጠይቂ። ፕሮሰሰሩ ላይ «ኢንቴል ኮንፊደንሻል» የሚል ጽሑፍ ካለ የሙከራ ናሙና ነውና መልሺው። ዚዮን ኢ5 አዲስ በሚመስል ስም የለሽ ማዘርቦርድ ላይ ተገጥሞ ከመጣም ለመዝገብ ሥራ አትግዢው፤ ቺፕሴቱ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ሊሆን ይችላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ ኢ5 ቪ4 የለም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍም በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ይህን ማሽን ከመረጥሽ ሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ ሰርቨር ነው የምትጭኚበት።

9. ወንድምሽ የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብርበት «የአንቺኑ ዓይነት» ዚዮን እንደሚፈልግ ነግረሽኛል። አይግዛ። ከ2011 ጀምሮ የራሳቸው ግራፊክስ ባላቸው አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ ክዊክ ሲንክ የተባለ ቪዲዮ የሚፈታና የሚያሽግ ክፍል አለ፤ ኢ5 ላይ ግራፊክስ ስለሌለ ይህም የለም። ቪዲዮ እያየ ሲቆርጥ የሚያስፈልገው ፈጣን ኮርና ይህ ክፍል ነው፤ የአንድ ሠርግ ምስል ውስጥ አንዲት ነጥብ ቀለም ብትለወጥ ደግሞ ማንም አይጎዳም። ለእሱ ዴስክቶፕ ነው የሚሻለው። የ13ኛ ወይም የ14ኛ ትውልድ ኢንቴል ካገኘ ግን ባዮሱን ሳያድስ ሥራ አይጀምርበት። ከእነዚህ ፈጣኖቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ይጎዱ ነበር፤ ኢንቴል በ2024 ማስተካከያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል።

10. የሰርቨር ማዘርቦርድ ካገኘሽ ቢኤምሲ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር ተጠቀሚባት። ዋናው ማሽን ጠፍቶ ሳለ እንኳ በኔትወርክ ታስነሺዋለሽ፣ ስክሪኑን ከቤትሽ ታያለሽ። ነገር ግን በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አትክፈቻት፤ እሷን የያዘ ሰው ማሽኑን በሙሉ ይይዛል።

11. ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አውጪው። መጀመሪያ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በሥርዓት እንዲያጠፋ በገመድ የተያያዘ። ሁለተኛ ባክአፕ፣ አንዱ ቅጂ ከቢሮው ውጪ የሚቀመጥ፤ የወር ቅጂዎችም ሳይደመሰሱ የሚቆዩ። ሦስተኛ ኢሲሲ። አራተኛ ኤስኤስዲ፣ ኃይል በድንገት ሲቋረጥ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለው። የኮር ብዛት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዩፒኤስ ሳይገዙ ለሰርቨር ፕሮሰሰር ገንዘብ ማውጣት ለአባላቱ ጥቅም አይሰጥም።

12. ከሁለቱ የትኛውን እመርጣለሁ? እንደተጻፉት አንዳቸውንም አልወስድም። ሦስተኛ ፕሮፎርማ ጠይቂ፤ ከ4 እስከ 8 ኮር ያለው ዚዮን ኢ ወይም ኢፒክ 4004፣ ከ32 ጊጋባይት ኢሲሲ ራም ጋር። እንደ ዴስክቶፕ ፈጣን ነው፣ ኃይል አያባክንም፣ ስህተት ያርማል። ለእናንተ ያህል ቢሮ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ገበያ ላይ ካልተገኘ ወይም በጀቱ ካልደረሰ፣ ያገለገለውን ዚዮን እቀበላለሁ፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ቁጥራችሁን ይጠብቃልና። ይህን የምለው ራሙ ኢሲሲ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ዩፒኤሱና ባክአፑ በጀት ውስጥ ከገቡ፣ መለዋወጫው ፓወር ሰፕላይ ከተገኘ፣ የዳታቤዝ ፈቃዱም በኮር ካልሆነ ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አይ5ቱን ውሰጂና በየሳምንቱ የአባላቱን ቀሪ ሒሳብ በወረቀት እያተማችሁ ከደረሰኝ ጋር አመሳክሩ፤ ማሽኑ የማያርመውን ሰው ያርመዋል።

13. ፕሮፎርማውን መልሰሽ ስትልኪ «64 ጊጋባይት ራም» የሚለው ብቻ አይበቃም። የእያንዳንዱን ሰሌዳ ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ ሬጂስተርድ መሆን አለመሆኑን፣ የማዘርቦርዱን ሞዴልና የቺፕሴቱን ስም እንዲጽፉልሽ አድርጊ። ዕቃውን ከመረከብሽ በፊትም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስተሽ የራሙን ስፋት እዪ፤ በዲዲአር4 ጠቅላላው 72፣ የመረጃው 64 ቢት ብሎ ካሳየሽ የገዛሽው ኢሲሲ ራም ነው። ኤዳክ የሚባለው የሊኑክስ ክፍል ስህተት መቁጠሪያውን ማስነሳቱንም አረጋግጪ፤ እሱ ካልተነሳ ማዘርቦርዱ ማረሚያውን እየተጠቀመበት ላይሆን ይችላልና ክፍያውን ሳትፈጽሚ ጠብቂ።